ጥያቄ የምታበዛው ደንበኛ

ሴትዮዋ ገና ሳትቀመጥ መጠየቅ ጀመረች።

«ማሽኑን የሚይዙት እርስዎ ነዎት ወይስ ሐኪም አለ?»

«እኔው ነኝ፤ እጄ የለመደ ነው» አለች የውበት ሳሎኑ ባለቤት። ፈገግታዋን አላጠፋችም፤ ግን ጠረጠረች። በቅርቡ የጤና ተቆጣጣሪዎች ደንበኛ መስለው ገብተው ማዶ ያለውን ሳሎን አሽገውታል። ይቺ ደግሞ ግራጫ ኮት ለብሳለች፤ ኩል እንኳን አልነካትም፤ ዓይኗም ከመስታወቱ ይልቅ ማሽኑ ላይ ነው።

ማሽኑ ጥቃቅን መርፌዎች ቆዳ ውስጥ ሰክቶ ከሥር በራዲዮ ሞገድ የሚያሞቅ ነው። ፊት ያጠብቃል፣ ጠባሳ ያለሰልሳል ይባልለታል። ሳሎኑን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እሱ ነበር።

«መርፌው ምን ያህል ይገባል?»

«እንደ ቦታው ነው። ግንባር ላይ ሥጋ ስለሌለ አይጠልቅም።»

«ሙቀቱስ?»

«ከዝቅተኛው ነው የሚጀመረው።»

«መርፌው በየሰዉ ይቀየራል?»

ባለሳሎኗ አዲስ እሽግ አውጥታ ሴትዮዋ እያየቻት ቀደደችው። ሻይ አስመጣችላት። የትራሱን ልብስ ቀየረችላት። ከዚያ ታናሽ እህቷ ከጓዳ በር ላይ ሆና ጠቀሰቻት።

«እትዬ፣ ይቺ ተቆጣጣሪ ናት። እንዲህ የሚጠይቅ ደንበኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እውነቱን ንገሪያት። ምናልባት ይራሩልን ይሆናል።»

ባለሳሎኗ ተመልሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እውነቱን አንዴ ከጀመረችው በኋላ ማቆሚያ አጣች። ሥራውን የተማረችው ከቪዲዮ ነው። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሙቀቱ በዝቶባት ጉንጯ ወንፊት የታተመበት መስሎ ቀርቷል፤ ጥቁረቱ እስካሁን አልለቀቀም። ልቡ ላይ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ይህን ማሽን መጠጋት የለበትም፤ ነፍሰ ጡርም እንደዚያው። ቃጠሎ አለ፣ ጠባሳ አለ፣ የነርቭ ጉዳትም አለ። ሐኪም በሌለበት ጨርሶ መነካት አልነበረበትም።

ሴትዮዋ በየመሀሉ «ሙቀት መቀነሻው የቱ ነው? እስቲ ያሳዩኝ» ትላለች። ባለሳሎኗም ታሳያታለች።

በመጨረሻ ተነስታ ሶኬቱን ነቀለችው።

«ሐኪም እስክቀጥር ድረስ አልሠራበትም። እርስዎንም አልነካዎትም።»

ደረቷ ቀለላት። ያቺን ጉንጭ ካየች ወዲህ እንዲህ አድርጋ ተንፍሳ አታውቅም።

ሴትዮዋ ኮቷን ቆለፈች። «ማንም እንዲህ አብራርቶ ነግሮኝ አያውቅም» አለች እጇን ጨብጣ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ሸኝተዋት ሲመለሱ ታናሽየዋ እህቷ ላይ ተጠመጠመች። አልታሸጉም። ባለሳሎኗ ማሽኑን በአንሶላ ሸፍና ጓዳ አስገባችው፤ የባንክ ሠራተኛዋንም ይዛት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ለራሷ ቃል ገባች።

ሴትዮዋ ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ፊቷን በማደንዘዣ ቅባት ለቅልቃ ሶፋው ላይ ተጋድማ ጠበቀቻት። አጠገቧ ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈ አዲስ ማሽን ቆሟል።

«እሺ፣ ሥልጠናው አለቀ?» አለች ጎረቤቷ።

«አሁን ጨርሼ መምጣቴ ነው» አለች ሴትዮዋ ኮቷን እያወለቀች፤ «በይ ዓይንሽን ጨፍኚ።»