የታረመ ጭቅጭቅ

የምሁራን ጽሑፍ ሁሉ ስድብን ወደ ትሕትና በሚለውጥ «ማለዘቢያ» በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲያልፍ ከታዘዘ ወዲህ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ የሚሳደብ መምህር ጠፍቷል። ዶክተር ጥሩወርቅም ያኔ እፎይ ካሉት አንዷ ነበረች። ማለዘቢያው ወደ ኋላ ተመልሶ የቆየውንም ጽሑፍ እንዳረመው የገባት ግን እንደ እሷው መምህር የነበረው የወንድሟ የይርዳው አርባ በወጣ ማግስት፣ ሚስቱ ትብለጥ ከደሴ ስትደውልላት ነው።

«እትዬ፣ ድምፁ ናፈቀኝ። በፖለቲካ የተጨቃጨቃችሁትን እስቲ አንብቢልኝ። እኔ ስከፍተው የማላውቀው ሰው ነው የሚያናግረኝ።»

ጥሩወርቅ የምሳ ሰሃኗን ገፋ አድርጋ ገጹን ከፈተች። በፌዴራሊዝም ጉዳይ አገር ምድሩ እያየ ያብጠለጥላት የነበረው ይርዳው፣ «የተከበሩ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሐሳብዎን በአክብሮት ተመልክቼዋለሁ» ይላል። ወደ ታች ብትወርድ፣ ብትወርድ ያው ነው።

«አገኘሽው?» አለች ትብለጥ።

«አግኝቼዋለሁ» ብላ ዋሸች። ከዚያም ዓይኗን ጨፍና በቃሏ አነበበችላት። «አንቺ ደነዝ! መጽሐፍ ተሸክመሽ ዞርሽ እንጂ ምኑም አልገባሽ! ይልቅ ምሳ በልተሻል?»

ትብለጥ ሳቀች፤ ሳቋም መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው! አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽለት?»

ጥሩወርቅ ስለ ፌዴራሊዝሙ ያልመለሰችለት ነገር አልነበረም። በየስድቡ መጨረሻ ስለሚጠይቃት ምሳ ግን አንድ ቀን እንኳ መልሳለት አታውቅም። የቀዘቀዘውን ሰሃን አየችው።

«አልበላሁም» አለች።