የዳሩ ጣውላ

በኮተቤ፣ ከነፃነት ቤት ጓሮ ያለው ጋራዥ የጣሪያ አግዳሚ ጎን ለጎን ከተጣበቁ ሦስት ጣውላዎች የተሠራ ነበር። አናጢው ገመዳ የሞተር ማንሻውን ሰንሰለት ሲሰቅል፣ መንጠቆውን ሦስቱንም በስቶ በሚያልፍ ብሎን አላሰረውም፤ በዳሩ ጣውላ ላይ ብቻ በሚስማር መታው። ጣውላው ተገንጥሎ የተንጠለጠለው ሞተር ባሏን እንድርያስን ገደለው። ገመዳ ግን በለቅሶው ድንኳን ሳይቀር «ጭነት አብዝቶበት ነው» ሲል ነበር።

ዛሬ የባሏ አባት ጋራዡን ለማከራየት ብለው ያንኑ ሰው ላኩባት። እሱም አዲስ ጣውላ ገጠመና መንጠቆውን እንደገና ከዳር በሚስማር መታው።

«ብሎኑስ?» አለች ነፃነት በንዴት።

«እትዬ ነፃነት፣ እርስዎ ተማሪዎችዎን ያስተምሩ፤ እንጨቱን ለእኔ ይተዉት። ይኸው!» አለና እንደ ልማዱ ሰንሰለቱ ላይ ተንጠልጥሎ እየተወዛወዘ ሳቀ። ከዚያ ዘሎ ወረደ።

ሰንሰለቱ መወዛወዙን ባንዴ አቆመ። ምንም ሳይሰቀልበት እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ወዲያው የዳሩ ጣውላ ከሁለቱ ቀስ እያለ ይላቀቅ ጀመር፤ ሚስማሮቹም እየጮኹ ወጡ።

ገመዳ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ወዴት ነው?» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ቁምና ንገረኝ እንጂ። አሁንስ ማን አበዛበት?»

የተወጠረው ሰንሰለት ወደ መሬት መወጠሩን ትቶ፣ ገመዳ ወደቆመበት አቅጣጫ አዘነበለ።