ይህ ኮራ ከእቅፌ አይወርድም

ባማኮ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ሰልፉ ቆሟል። ያቆመችው ቴኒን ጃባቴ ናት። በአንሶላ የጠቀለለችውን የአባቷን ኮራ አቅፋ አላስረክብም ብላለች። ኮራ እንደ በገና የሚደረደር ነው፤ ሆዱ ግማሽ ቅል፣ ፊቱ የላም ቆዳ ነው፤ ሃያ አንድ ክር የተወጠረበት አንገቱ ከጭንቅላቷ በላይ ወጥቷል።

«የአውሮፕላኑ መደርደሪያ አይችለውም» አለ ሠራተኛው። ደረቱ ላይ ኮኔ የሚል ስም ተለጥፏል።

«እኔ እችለዋለሁ። ጭኔ ላይ ይሄዳል።»

«ጭን ላይ የሚሄደው ሕፃን ነው።»

«አንተ የአደንጓሬ በላ ዘር! ሆድህ እንጂ ጆሮህ መች ሙዚቃ ያውቃል?»

«አደንጓሬውንማ እናንተ ጃባቴዎች መች አስተረፋችሁልን!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ኮኔና ጃባቴ የሚባሉት ሁለት ዘሮች ሲገናኙ ሳይሰዳደቡ አያልፉም፤ ከቅድመ አያት የወረደ ወግ ነው።

«ቀልዱ ይቆየን» አለ ኮኔ። «ጠንካራ ሣጥን ቢኖረው ዕቃ ክፍል እጭነው ነበር። በአንሶላ ግን፣ ቢሰበር አልጠይቅም ብለሽ ፈርሚ።»

«አልፈርምም!»

ስልኳ ጮኸ። ታላቅ ወንድሟ ፋሞሪ ነው፣ ከፓሪስ። ኮራውን ጥንታዊ ዕቃ ለሚሰበስቡ ሰዎች ለመሸጥ የተዋዋለው እሱ ነው። በቤታቸው ደግሞ የታላቅ ቃል አይሻርም። ፈርሚ መባሏን ነገረችው።

«የላኩት ሣጥን ካልደረሰሽ ምን ይደረግ፣ ፈርሚና ስጫቸው! ነገ ካልደረሰ ውሉ ፈረሰ ብለዋል።»

«ተሰባብሮ ቢደርስ ማን ሊገዛህ? አባታችንን ሁለቴ አልቀብርም!»

«በአላህ ቴኒን፣ ለምኛቸው!»

«ይኸው እየለመንኩ አይደል!» አለችና ጠረጴዛውን በጥፊ አጮለችው።

ኮኔ አለቃውን ጠራ። አለቃው ዘበኛ ጠራ። ቴኒን ኮራውን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አለች።

«አውሮፕላኑም ይሂድ፣ እናንተም ሂዱ! ይህ ኮራ ከእቅፌ አይወርድም!»

አውሮፕላኑ ሄደ።

ፋሞሪ በስልክ አየር መንገዱን ከነዘር ማንዘሩ ረገመ። ሲደክመው ድምፁ ለሰለሰ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ እህቴ። የምትችይውን ሁሉ አድርገሻል።»

ቴኒን ስልኩን ዘጋች።

ቤቷ ደርሳ ኮራውን አባቷ ይሰቅለው ከነበረበት ችንካር ላይ መለሰችው። ከዚያ ጥሬ ዘግና ወደ ጓሮ ዞረች።

ዶሮዋ፣ ገዥዎቹ ለኮራው በልኩ አሠርተው በላኩት ጠንካራ ሣጥን ውስጥ፣ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተኝታለች።