የጾም ዓሣ

በአሰላ፣ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስካሁን እልባት አላገኘም። የሚበሉት ደግሞ በመካከላቸው ሌላ ክርክር ነበራቸው፤ የትኛው ዓሣ?

ለዚህኛው አቶ ገብረወልድ መልስ ነበራቸው። ሱቃቸው ውስጥ ሁለት ገንዳ አለ። በአንዱ እሳቸው ከዝዋይ ሐይቅ በመረብ ያወጡት ቆሮሶ ዓሣ፣ በሌላው ልጃቸው መቅደላዊት ጓሮ በተቆፈረው ኩሬ የምታረባው። የኩሬ ዓሣ መኖ የአጥንትና የደም ዱቄት አለበት። "አጥንት የበላን ዓሣ በጾም መብላት ያው ሥጋ መብላት ነው" ብለው ከተማውን ያሳመኑት ራሳቸው አቶ ገብረወልድ ናቸው። ልጃቸውንም፣ "ይህን ኩሬ አንድ ቀን ባዶውን ካገኘሁት አፈር ሞልቼ ነጭ ሽንኩርት እተክልበታለሁ" ብለዋታል።

ችግሩ የመጣው መስከረም ላይ ነው። አቶ ገብረወልድ ታንኳ ላይ ሲቆሙ ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር። አንድ ጊዜም ወደቁ። ለማንም አልተናገሩም። አሰላ "የዝዋዩ ገብሬ" ሲላቸው ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰው ምን ብለው ይናገራሉ?

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ መረባቸውን ተሸክመው "ዝዋይ ሄድኩ" ይላሉ። መቅደላዊት ሱቅ ስትከፍት፣ እሳቸው በወንዙ በኩል ዞረው ጓሮ ይገባሉ። የጭላሎ ተራራ ነፋስ ለኩሬም ለሽማግሌም አያዝንም፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ የልጃቸውን ዓሣ ይጨልፋሉ። ከሰዓት በኋላ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጆንያ ይዘው ከመናኸሪያ ይመጣሉ።

"ይኼን ነው ዓሣ ማለት!" ይላሉ ወይዘሮ ውድነሽ፣ በጾም ቀልድ የማያውቁት ደንበኛ። "ሐይቅ ሐይቅ ይላል። የልጅዎስ ምን ምን ይላል?"

"አጥንት አጥንት" ብለው መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ።

"እትዬ፣ ቀምሰውት ያውቃሉ?" ትላለች መቅደላዊት።

"በጾም? ሞቼ ነው!"

አቶ ገብረወልድ ቀና አይሉም። የሰው ምላስ ምን ያህል ሞኝ እንደሆነ እያሰቡ ዓሣውን ይገፍፋሉ።

ልጂቱ ታታሪ ናት። ሰኞ ሰኞ በርሜል ጭና፣ መኖ ላምጣ ብላ በተከራየችው ፒካፕ ትሄዳለች። የመኖው ጆንያ ሁልጊዜ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

በሁዳዴ አጋማሽ፣ "አባዬ፣ አሞራ ዓሣዬን ጨረሰብኝ" አለቻቸው።

"የምን አሞራ?"

"እንጃ። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣ።"

የያዙትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱ። ነቅታብኛለች አሉ በልባቸው። ግን ከልጃቸው ይልቅ ያስፈራቸው ሌላ ነበር፤ የከተማውን ጾመኛ ሁሉ አስገድፈዋል። ሰሞነ ሕማማት ሲቃረብ እንቅልፍ አጡና የነፍስ አባታቸውን መምሬ ግዛቸውን ጠርተው ተናዘዙ።

"ስግደቱ ለራስህ ነው" አሉ መምሬ። "ያስገደፍካቸውን ግን ፊታቸው ቆመህ ትነግራቸዋለህ።"

"ስሜስ፣ አባቴ?"

"ስምህን ነው ወይስ ነፍስህን የምታድነው?"

በማግስቱ ሱቁ ሲሞላ አቶ ገብረወልድ ቢላዋውን አስቀመጡ፣ ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

"ከመስከረም ወዲህ ሐይቅ ረግጬ አላውቅም። የበላችሁት ሁሉ ከዚህች ልጅ ኩሬ የሰረቅኩት ነው። ይቅር በሉኝ።"

ወይዘሮ ውድነሽ ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" የወረዱት በአንድ ትንፋሽ ነበር።

"ጾሜን አስገደፍከኝ! አንተ ሌባ! በሽምግልናህ!"

የያዙትን ዓሣ ገንዳው ውስጥ ወርውረው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወሬው እሳቸውን ቀድሞ ገበያ ደረሰ። የዝዋዩ ገብሬ ያን ዕለት ሞተ።

ሱቁ ባዶ ሲሆን መቅደላዊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ታለቅሳለች።

"ልጄ፣ ኩሬሽን ዘረፍኩሽ። የፈለግሽውን በይኝ። አፈር አልሞላበትም፤ ያንቺ ነው። ዓሣሽ ከኔ ሐይቅ ዓሣ እንደማይለይ ከተማው በምላሱ መስክሯል፤ ቢያንስ በዚህ ደስ ይበልሽ።"

"አባዬ፣" አለች ሽርጡን ሳታወርድ፣ "የኔዎቹ እኮ በጥቅምት ብርድ አልቀዋል፤ ኩሬውን ባዶውን እንዳያገኙት፣ ሰኞ ሰኞ እርስዎ በማያዩኝ በሐይቁ ወዲያኛው ዳር፣ ከዝዋይ አጥማጆች እየገዛሁ ነው የምሞላው።"