ከአባታችሁ ጋር የስዕል ውድድር አትግቡ!

«አባዬ፣ በፈጠረህ ዞር በልልኝ!»

ጮኼ ነው ያልኩት... ግቢው ውስጥ ያለው ሠዓሊ ሁሉ ብሩሹን አቁሞ ዞሮ አየን።

አባዬ ግን ምንም አልመሰለውም። ሸራውን ከነማቆሚያው አንስቶ ትንሽ ፈቀቅ አለና እዚያው ግራ ጎኔ ላይ ተገተረ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ...

የዚህ ፔጅ አድሚን ነኝ። ሁልጊዜ የሰው ታሪክ ነው የማወራችሁ። ዛሬ የራሴን ስሙኝ።

ስዕል ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ውድድር ግን ገብቼ አላውቅም ነበር። ያለፈው እሁድ የመጀመሪያዬ ነው።

ውድድሩ ደጅ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የድሮው ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ትሰበሰባላችሁ... ከጀርባው ማህተም የተመታበት ባዶ ሸራ ይሰጣችኋል... ከፊታችሁ ያለውን ስላችሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታስረክባላችሁ።

ለአንድ ሰው አንድ ሸራ። በቃ። ተበላሸብኝ ብሎ ሌላ መጠየቅ የለም።

ታዲያ ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው አባዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እኔም ተመዝግቤያለሁ።»

አባዬ እኮ ጡረታ የወጣ ቀለም ቀቢ ነው። የግድግዳ!

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ስዕል ነው...»

«አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ስቀባ ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ስዬ አላውቅም። የዚያን ጣቢያ ግድግዳ ሳይብስብኝ ልሳለው።»

ሳይብስብኝ ያለው እጁን ነው። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አለፈው። ሐኪሙም እየባሰ እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ነግሮናል።

ምን ልበል? «እሺ» አልኩት...

ውስጤ ግን እርር ድብን አለ። በመጀመሪያ ውድድሬ... ከነአባቴ!

እሁድ የሰው ሳሎን ሊቀባ የሚሄድ ይመስል የሥራ ቱታውን ለብሶ ብቅ አለ። እሱንም ዋጥኩት።

ደረስን። እኔ የግቢው መሃል ላይ ተተከልኩ፤ ጣቢያው ከነሰዓቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከዚያ ነው።

ገና ሳልጀምር...

«አንተ ልጅ፣ ፀሐይ ላይ ቀለም አይሠራም። ያታልልሃል።»

«አባዬ፣ ይሄ ግድግዳ አይደለም!»

«ና ወደ ዛፉ እንጠጋ።»

«ከፈለግክ አንተ ሂድ!»

አልሄደም። መጥቶ ተለጠፈብኝ። ያ ሁሉ ሜዳ እያለ ቦታ የጠፋ ይመስል!

ከዚያማ አበሳዬን አየሁ...

በየሩብ ሰዓቱ ሸራውን አንስቶ ይጠጋኛል። ክርኔ ከማቆሚያው ጋር ይጋጫል። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ልጄ ነው» ይለዋል።

«ውሃ ጠጣ።»

«አልፈልግም!»

«እግርህን አሳርፍ እንጂ።»

«አባዬ!!»

ምን እየሳለ እንደሆነ አላየሁም። ወደ እኔ የዞረው የሸራው ጀርባ ነው። እውነቱን ልናገር? ለማየትም አልፈለግኩም።

እኩለ ቀን ላይ ጭራሽ ሸራውን ወደ እኔ አዘንብሎት ጫፉ ራሴን ነካኝ። ያኔ ነው ቅድም የነገርኳችሁን ጩኸት የጮህኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደተናደድኩ ሥራዬን አስረክቤ አዳራሽ ገባሁ። አባዬን አልጠበቅኩትም።

ስዕሎቹ ተሰቀሉ። መሃል ሜዳ ላይ የሠሩት ሰዎች ስዕል ሁሉ ጠቁሯል። ደጅ ደማቅ የነበረው ቀለም አዳራሽ ሲገባ ድፍን ብሏል። የኔ ግን... ልክ እንደ ጣቢያው ፍክት ብሏል።

ሁለተኛ ወጣሁ!

አንዷ ዳኛ፣ ሽበታም ሴትዮ፣ ወደ ዳር ወሰዱኝ።

«ፀሐይ ያረፈበት ሸራ ያንጸባርቃል። ሠዓሊው የደመቀ ይመስለውና ቀለሙን ያጠቁረዋል። አንተም መሃል ሜዳ ላይ ነበርክ... ጥላ ከየት አገኘህ?»

«ኧረ ጥላ አልነበረም...» ብዬ ጀመርኩ።

አልጨረስኩትም።

ሮጬ ወጣሁ። አባዬ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ሸራው ጉልበቱ ላይ ተደፍቷል። ገለበጥኩት።

ነጭ ነው።

አንድ መስመር እንኳ የለበትም!

ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመው በሸራው የኔን ሸራ ሊጋርድልኝ ነው። ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር አብሮ ሲዞር ነው የዋለው።

«አባዬ... ለምን?»

«አንተ እልኸኛ ነህ፤ ከዚያ ቦታ አልነቀልም አልክ። ምን ላድርግ?»

«ያንተስ ስዕል?»

«እኔማ ከርሞ እስላለሁ» አለኝ... የሚንቀጠቀጠውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።

ወዳጆቼ... ስንቱን ምስጋና ቢስ ልጅ እዚህ ፔጅ ላይ ስወቅስ ከርሜያለሁ። በራሴ ተናድጃለሁ! የሚወዱን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩን ነው የሚመስለን። ሰው ላይ ከመጮሃችን በፊት ምን እያደረገልን እንደሆነ ቀና ብለን እንይ።

እናንተስ? ለእናንተ ብሎ የራሱን ነገር የተወ ሰው ላይ ጮኻችሁ ታውቃላችሁ? ይቅርታስ እንዴት ብላችሁ ጠየቃችሁት?

እባካችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ሳምንት ሙሉ ቃሉ አፌ ላይ እየደረሰ ይመለስብኛል፤ እስካሁን አልጠየቅኩትም።