ከአልጋ ስር የተቀመጠው መሰላል
ጭሱ ደረጃውን ሞልቶ ሽቅብ ሲመጣ፣ ጡረተኛው መካኒክ የገመድ መሰላሉን ከአልጋ ስር ጎትቶ አወጣና በመስኮቱ በኩል ሰቀለው። በየእሁዱ ሲለማመደው ስለኖረ ጊዜ አልፈጀበትም። መንጠቆውን ሳብ ሳብ አድርጎ ፈተሸ፤ ጫፉም ከሁለተኛ ፎቅ ቁልቁል ተዘርግቶ መሬት ነካ። ከዚያ ግን ደርቆ ቀረ። ለካ ሲለማመድ የኖረው መሰላሉን መስቀል ብቻ ነው፤ አንድም ቀን ወርዶበት አያውቅም።

"ምን ይገትርሃል?" አለች፣ "ይሄን ዥዋዥዌህን ጣልልኝ" እያለች በመሰላሉ ስትጨቀጭቀው የኖረችው ሚስቱ። ፊቱን ስታየው መፍራቱ ገባት። ጫማዋን አሽቀንጥራ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ እያጉረመረመች ቀድማው ወረደች።

ታች ስትደርስ የመሰላሉን ጫፍ በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችና ቀና አለች።

"ና በል፣ አይዞህ! ዥዋዥዌህን ይዤልሃለሁ!"

ያን ጊዜ እግሩ ተነሳለት።