ለሴት የሚሆን ጠመንጃ

«ለባለቤትዎ ምን እንፈልግላት?» አለ የጠመንጃ ሻጩ ላይል፣ በቨርና ትከሻ ላይ አሻግሮ ከኋላዋ የቆሙትን ሽማግሌ እያየ።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «እኔ እኮ ለዓሣ ማጥመጃ ትል ልገዛ ነው የመጣሁት። ሴትዮዋን አላውቃቸውም። እሳቸውን ጠይቃቸው እንጂ!»

ቨርና የያዘችውን ጠመንጃ ባንኮኒው ላይ አጋደመችው። ስድሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሞንታና ውስጥ ብቻዋን በግ የምታረባ ሴት ናት። የድሮ ጠመንጃዋን ሌባ ከመኪናዋ ላይ ሲወስድባት ይሄንን አዲሱን የሸጠላት ይኸው ላይል ነበር፤ «ለሴት ቀላል ይሻላል» ብሎ ራሱ መርጦ። አሁን መልኳን እንኳ አላስታወሰውም።

«ልመልሰው ነው» አለች። «አልሆነኝም።»

«ታዲያ ምን ልስጥሽ፣ የኔ እናት? በእጅ ቦርሳ የምትያዝ ሽጉጥ አለችኝ። ሮዝ ቀለም ሁሉ አላት።»

«ሮዝ ለምኔ? ተኩላው ሰርግ አልጠራኝም።»

ቀልዱ አፏ ላይ ነበር እንጂ ልቧስ ሌላ ቦታ ነው። ግልገሎቹ በተወለዱበት በዚህ ሰሞን የሜዳ ተኩላ በየማለዳው እየመጣ ይለቅምባታል። እሷም ታልማለች፤ ምላጩን ልትስብ ስትል አፈሙዙ ይርገፈገፋል፣ ትስታለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታ የማታውቅ ሴት! እናቷ እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረው በዚሁ ዕድሜ ነበር። መጀመሪያ ማንኪያ አስጣላት፣ ቀጥሎ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፣ በመጨረሻ ቨርና ራሷ እንደ ሕፃን ታበላት ነበር። ቨርና ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ያንን የበሽታ ስም ከሐኪም አፍ መስማት ፈርታለች። ዛሬ የመጣችው ጠመንጃውን መልሳ፣ በጎቹንም ልትሸጥ ቆርጣ ነው።

«ቆይ መጀመሪያ ችግሩን ልይልሽ» አለ ላይል። የሸጠውን ዕቃ መልሶ መውሰድ ጥርስ የማስነቀል ያህል ነው የሚያመው። ከሱቁ ጀርባ፣ የአፈር ቁልል ላይ ኢላማ ወደተተከለበት ቦታ ይዟት ሄደ። ሽማግሌውም ዓሣውን ለጊዜው ረስተው ተከተሏቸው።

ላይል ጀርባውን ሰጥቶ ጠመንጃውን አጎረሰና አቀበላት። ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ አለመች፤ ትንፋሿን ያዘች፤ ምላጩን ሳበች። ቀጭ ብሎ ቀረ። ተኩስ የለ፣ ጭስ የለ፤ አፈሙዙ ግን ቁልቁል ዝቅ አለ።

«አየሽ!» ላይል ጭኑን መታ። «ባዶ ቀልሃ ነው ያጎረስኩት። ምንም ሳይተኮስ በረገግሽ! የጠመንጃውን የኋሊት ምት ነው የፈራሽው። ሴቶች ስትባሉ ሁላችሁም እንዲሁ ናችሁ።»

ቨርና ቀስ ብላ ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ፈራሽ ነው ያልኩሽ። አትቆጪ እንግዲህ፣ እውነቴን ነው።»

«እጄስ?»

«እጅሽ ምን ሆነ? እስክትስቢው ድረስ እንደ ድንጋይ ረግቶ ነበር። የከዳሽ ልብሽ ነው።»

«እስቲ ድገመው።»

«ፈሪ ነሽ!» አለ ላይል፣ የምትፈልገው ግራ ገብቶት።

ቨርና በሳቅ ፈረሰች። እስከ ዛሬ እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ሰምታ አታውቅም። ፈሪ! ፈሪ ብቻ! ፍርሃት እኮ ይለቃል፤ ፍርሃት ዓይን እያየ የሰው እጅ አይወስድም። እንባዋም ከሳቋ ጋር መጣ። ላይልን አገላብጣ ብትስመው በወደደች። ስድቡ ግን ስድብ ነውና በዋዛ አታልፈውም።

«አሁን ያንተ ተራ ነው» አለችና እሷም ጀርባዋን ሰጥታ አጎረሰችና አቀበለችው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ጥይት ነበር፤ ጠመንጃው እንደ በቅሎ ረገጠው። ላይል ጥርሱን ነክሶ ሁለተኛውን ሳበ። ቀጭ ብሎ ሲቀር፣ አፈሙዙ ከእሷም በባሰ ወደ መሬት ወረደ።

«አይ ላይል!» አሉ ሽማግሌው። «አንተም ለካ ከሴቶቹ ወገን ነህ።»

ላይል ፊቱ ቀላ፤ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ። «ይሄ ጠመንጃ… ሲበዛ ቀሏል።»

«ታዲያ የሚራገጠው ቀላሉ አይደል?» አለች ቨርና። «አባቴ ይሄንን ገና በልጅነቴ ነግሮኝ ነበር። አንተን አምኜ የሱን ረሳሁ። ኢላማ ስስት ደግሞ አንተን ትቼ የገዛ እጄን ጠረጠርኩ።» ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «በል ያንን ግድግዳው ላይ የሰቀልከውን ከባዱን አምጣልኝ።»

«እሱ እኮ ይከብድ…» ብሎ ጀመረና የሽማግሌውን ዓይን ሲያይ አፉን ዘግቶ ወደ ሱቁ ገባ።

ከባዱ ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻዋን ገፋ አድርጎ ተዋት። ላይል አቅርቦ በሚያሳየው መነጽሩ ኢላማውን ለረጅም ጊዜ አየ።

«መቱት?» አሉ ሽማግሌው።

«መሃሉን» አለ ላይል፣ እንደ ማጉረምረም ብሎ።

ቨርና ኢላማውን አላየችም። የምታየው ቀኝ እጇን ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ በጥፍሮቹ ሥር የበግ በረት አፈር እንደያዘ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።